በዋሽንቱ ልክ

አዩቤ፣ አማን ነህ ወይ?

ላቋቁመው የመጣሁት የመካነ ሰላም ኦርኬስትራ ሳይመሠረት ሊፈርስ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ፣ ተመሠረተ! ክራር መቺውም ማሲንቆ መቺውም «በእኔ ቃኙ» እያለ ሲጨቃጨቅ፣ እኔ ሻንጣዬን መዝጋት ብቻ ነበር የቀረኝ። ያኔ ዋሽንት ነፊው ጋሽ አወቀ ከወግዲ በአይሱዙ ደረሱ። ጭቃቸውን እያራገፉ «ልጆቼ፣ የእኔ ሸምበቆ አይወጠር፣ አይላላ፤ እናንተ ወዲህ ጠጋ በሉ» አሉና ነፉ። ሁሉም እየሳቀ ክሩን በዋሽንቱ ልክ ቃኘ። አንድ ላይ ሲመቱ እፎይ ብዬ ቁጭ አልኩ።

እኔና አንተ ደሴ ላይ በሁለት ክራር እንኳ መስማማት አቅቶን ቡድናችንን በተንነው።

ፖስትካርዱ ሞላ። የእማማ ፋጢማን ጉልበት ሳምልኝ። ክራርህን ከግድግዳው አውርደህ አቧራውን ጥረግለት፤ ስመለስ የምቃኘው በአንተ ነው።

ንጉሡ