ወደ አምስተኛው ጉድጓድ የሚወስደው መንገድ

ጎንደር፣ አራዳ
ግንቦት 21

ውድ አያ ሰጠኝ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ እንደማይጻፍ አውቃለሁ። በሕይወት ብትኖርም ማንበብ አትችልም ነበር፤ ወረቀት ባወጣሁ ቁጥር "እሱን ለተማረ አሳዪ" ብለህ ፊትህን ታዞር ነበር። የምጽፍልህ ባለቤትህ እትዬ ታየች ስላዘዙኝ ነው። ለምን እንዳዘዙኝ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ትዝ ይልሃል? ኅዳር ነበር። ከትክል ድንጋይ በላይ ባለው የመንግሥት ደን የማዕድን ናሙና ሊቆፈር ነው ተብሎ እኔ የኩባንያው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ መጣሁ። አንተ ደኑን ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀኸዋል። አንቱ ብልህ ተቆጣህ። "አንቱታውን ለቄሱ አድርጊው። እኔን አንተ በዪኝና ዛፌን አንቱ በዪልኝ" አልኸኝ። እኔ ሳቅሁ፤ አንተ ግን አልሳቅህም።

ወረቀቴ ላይ "የመሬት ጉዳትን ስለ መቀነስ" የሚል ርዕስ ነበር፤ ሥራውን ያስተማርኸኝ ግን አንተ ነህ። መንገድ አይወጣም አልህ፤ ማሽኑ ተፈታትቶ በሰው ትከሻና በበቅሎ በከብት መሄጃው ወጣ። ከመቆፈሩ በፊት ሣሩን ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ፣ በቁርበት ልክ እየቆረጥህ በአካፋ ታነሣዋለህ። በእያንዳንዱ ላይ፣ በዳገቱ በኩል፣ ምልክት ያለው እንጨት ትሰካለህ፤ ለመጀመሪያው አንድ የቢላ ጭረት፣ ለሁለተኛው ሁለት። ከጽዱ ዛፍ ጥላ ሥር በተራ ይደረደርና ጠዋት ጠዋት ውኃ ይጠጣል። ቁፋሮው ሲያበቃ ጉድጓዱ ይደፈንና ሣሩ እንደ ተራው ይመለሳል። "ምነው፣ ዝም ብለን ብንዘራበትስ?" ስልህ "አንቺን ከአልጋሽ አንሥቶ ሌላ ሰው ቢያስተኛበት ትወጃለሽ?" አልኸኝ።

አራት ጉድጓድ እንዲህ ሆነ። የኩባንያው መሐንዲስ አራተኛውን ሊያይ መጥቶ፣ እላዩ ላይ ቆሞ "የታለ?" ሲል አፍህን በጋቢህ ሸፍነህ ሳቅህ። ስትስቅ ያየሁህ ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ማውራት ወደማልወደው ነገር ልምጣ።

አምስተኛው ጉድጓድ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ሚያዝያ ገባ። የቁፋሮው ኃላፊ ዕንባቆም ዝናብ ሳይጥል ካልጨረስን ሥራው ለከርሞ ያድራል ብሎ ዶዘር አስመጣ። "አራት መቶ ሜትር ብቻ ነው፣ ያውም ጊዜያዊ። አንቺ ፈርሚ፤ ስንጨርስ እንዘጋዋለን። ችግሩ ሽማግሌው ነው፤ እዚህ ካለ፣ ዶዘሩ ፊት ይተኛል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ትተኛ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሳልህ በርትቶ ነበር። በኩባንያው ማኪና ጎንደር፣ ሆስፒታል ወሰድሁህ። መንገዱን ሙሉ ስትመርቀኝ ሄድህ። ለሳልህ ብዬ ነው የወሰድሁህ ብል ደስ ባለኝ። ለሳልህም ነበር። ግን ከመነሣታችን በፊት ፈርሜያለሁ። ዶዘሩ ደኑ ውስጥ የገባው አንተ ካርድ ለማውጣት ወረፋ ይዘህ በተቀመጥህበት ሰዓት ነው። አሁን አፍራለሁ፤ ያን ቀን ግን አላፈርሁም፣ ተገላገልሁ ነው ያልሁት።

ሆስፒታል በተኛህ በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዤ ልጠይቅህ መጣሁ። "ቦታው እንዴት ነው?" አልኸኝ።

"ሸጋ ነው" አልሁህ፣ አንተ ዘወትር በምትለው ቃል።

ትክ ብለህ አየኸኝ። "ሌላስ?"

"ሌላ ምንም የለ።"

ብርቱካኑን አልነካኸውም። ከዚያ በኋላ አልመጣሁም። በስድስተኛው ቀን ዐረፍህ።

አስከሬንህን የያዘው ማኪና ትክል ድንጋይ ሲደርስ ሰዉ ቃሬዛ ይዞ ይጠብቅ ነበር። ዕንባቆም "መንገድ አለ" አላቸው። ጽዱ ተገንድሶ ግራና ቀኝ በተጋደመበት ቀይ መንገድ እስከ ጊዮርጊስ ደጃፍ በማኪና ወጣህ። ሴቶቹ እያለቀሱ "ለእሱ ብሎ እግዜር የከፈተው መንገድ" ሲሉ ሰማሁ። እኔም አለቀስሁ። ሰዉም አጽናናኝ፤ ያንን ነው የማልረሳው።

ናሙናው ተጭኖ ሄደ፣ መንገዱ ቀረ። ከክረምቱ በፊት ካልተዘጋና ሣር ካልለበሰ ጎርፍ ቦረቦር ያደርገዋል። ከአሁኑ ጽድ የጫነ አይሱዙ ሁለት ጊዜ ወርዶበታል። ሰዉ ግን ማመልከቻ አስገባ፦ ሰጠኝ የመጣበት መንገድ አይዘጋብን፣ ነገም ወላድና በሽተኛ ይወርድበታል አሉ። ሐሰት አይደለም። ኩባንያውም መዝጋቱ ስለሚያደክመው ዝም አለ። ይዘጋ ወይም ይቅር የሚለው የእኔ ፊርማ ብቻ ቀረ። ከማመልከቻው ግርጌ የመጀመሪያው የጣት አሻራ የእትዬ ታየች ነበር።

ለአርባህ መጣሁ። ሰዉ ሲበተን እትዬ ታየችን ጓሮ ይዣቸው ሄድሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ፊርማውን፣ ሆስፒታሉን፣ "ሸጋ ነው" ማለቴን። ስጨርስ ተነሥተው ቤት ገቡ። አስወጡኝ ብዬ ልሄድ ስል በገመድ የታሰረ እንጨት ይዘው ተመለሱ። ያንተ ምልክቶች ነበሩ፤ አንድ ጭረት፣ ሁለት ጭረት፣ ሦስት። ለአምስተኛው ጉድጓድ ብለህ የጠረብኻቸው።

"አውቆ ነበር እኮ" አሉኝ።

"ማን?"

"ሰጠኝ ነዋ። በተኛ ማግስት የሰፈር ሰው ሊጠይቀው ሄዶ ነገረው። እኔ ልራገም ስል 'ተያት' አለኝ። 'ራሷ መጥታ ትነግረኛለች' አለኝ። ከሄድሽም ወዲያ በሩን በሩን ሲያይ ነበር።"

"ታዲያ እርስዎ ምነው መንገዱ አይዘጋ ብለው አሻራ አኖሩ?"

"ሬሳው ያለፈበት ነው፤ ሆዴ እንቢ አለኝ።" እንጨቱን እጄ ላይ አኖሩት። "አሁን ግን ዝጊው። መቃብሩ ድረስ በእግሬ እወጣለሁ።"

እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅር ይበሉኝ አልሁ። አነሡኝ። "የኔን ይቅር ብያለሁ። የሱን ግን እኔ አልሰጥሽም። እየጠበቀሽ ነው የሞተው። ጻፊና መቃብሩ ላይ አንብቢለት" አሉኝ።

ስለዚህ ጻፍሁ። ትናንት መንገዱ እንዲዘጋ ፈረምሁ። ሰዉ ተቆጥቷል፤ ሰላምታዬን ያልመለሱ አሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር "እኔስ?" አለችኝ። ሰኞ በዶማ እንጀምራለን፣ ዶዘር አይገባም። ያን ሣር ዶዘሩ ከድንጋይ ጋር ደባልቆ ገደል ሰዶታል፤ በምን እንደምንሸፍነው ገና አላውቅም። እንጨቶችህ እኔ ዘንድ ናቸው፣ የምሰካባቸው ሣር ግን የለኝም።

ሰኞ ጠዋት፣ ሥራው ሳይጀመር፣ መቃብርህ አጠገብ ቆሜ ይህን አነብልሃለሁ። ቦታው እንዴት ነው ብለኸኝ ነበር።

ቦታው ተጎድቷል፣ አያ ሰጠኝ። የጎዳሁትም እኔ ነኝ።

በሩን እያየህ የጠበቅሃት፣
ጸሎት