የአቶ ተስፋሁን ወልደ ጊዮርጊስ ሕይወትና የካኮዋ እናት ዜማ

አቶ ተስፋሁን ወልደ ጊዮርጊስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ጊዮርጊስ ካሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስቻለች መንግሥቱ በ1961 ዓ.ም. በጂንካ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጂንካ ቢከታተሉም ልባቸው ከደብተሩ ይልቅ ክራሩ ላይ ነበር። እናታቸው «ይሄ ልጅ አዝማሪ ሊሆንብኝ ነው!» እያሉ ቢቆጡም ሰሚ አላገኙም።

ከዚያም የቴፕና የሬዲዮ ጥገና ተምረው ገበያው ዳር ሱቅ ከፈቱ። በ1985 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺመቤት ተክሌ ጋር ትዳር መሥርተው ሔርሜላን ወለዱ። በ1987 ዓ.ም. ከጓደኞቻቸው ጋር ባንድ አቋቁመው የአካባቢውን ብሔረሰቦች፣ የአሪን፣ የሐመርንና የበናን ዜማ ከክራርና ከኪቦርድ ጋር አዋሕደው ሲጫወቱ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «እሰይ፣ አንድ አደረጉን» ሲል ግማሹ «የሰው ዜማ አታበላሹ» አለ። እሳቸው ግን «ወጥስ ያለ ቅመም መች ይጥማል?» ብለው በሳቅ ያልፉት ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ካኮ ገበያ ወርደው ሳሉ፣ የሻንቆ እናት የሚባሉ የበና ሴት ዛፍ ሥር ለብቻቸው ሲያንጎራጉሩ ሰሙ። አስፈቅደው በቴፕ ቀዱ። ስለ ዜማው ያልጠየቁት የለም፤ ስለ ምን እንደሚዜም ግን አልጠየቁም። ኧረ ስንቱን ጠያቂ የነበሩ ሰው! ዜማውን አፍጥነው፣ ከበሮና ጭብጨባ ጨምረው ለሠርግ አወጡት፤ ካሴቱንም በገዛ እጃቸው እያባዙ ሸጡ። ከዚያ ወዲህ በጂንካ ያለዚያ ዘፈን ሙሽራ አልወጣም። ዘፈኑ ሲጀመር ከካኮ የመጡ እንግዶች ተነሥተው ይወጡ ነበር። አቶ ተስፋሁን ግን ቅይጥ ሙዚቃ ጠልተው መስሏቸው ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ሻንቆ ራሱ ሱቃቸው መጣ። እናቱ ያንጎራጎሩት ጎርፍ ለወሰደው ለታናሽ ወንድሙ ለዶላሞ ነበር። «እናቴም ሞታለች። እኔ ግን ሠርግ በመጣ ቁጥር ወንድሜን እንደገና እቀብራለሁ» አላቸው።

አቶ ተስፋሁን ከዚያ ቀን በኋላ ሰው አልሆኑም። ባንዱን በተኑ፤ ክሩን ፈትተው ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ካሴቱን ከየቤቱ ሊሰበስቡ ዞሩ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በዲመካ ሚኒባስ፣ በቱርሚ ሆቴል፣ በኋላም በየሰው ስልክ ውስጥ ዘፈኑ ተከተላቸው። ሔርሜላ በተዳረች ዕለት እንኳ ሙሽሪት ስትወጣ ሠፈርተኛው በአፉ አነሣው። አባት ከድንኳኑ ወጥተው ሄዱ፤ ምክንያቱን ያወቅን ጥቂቶች ነበርን።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት የሠርግ መኪና በመስኮቱ ሥር ባለፈ ቁጥር «ኧረ አትጨፍሩባት፣ እያለቀሰች እኮ ነው!» ይሉ ነበር። ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ሔርሜላንና አንድ የልጅ ልጅ ትተውልናል።

ኑዛዜያቸው አንድ ነው፤ ለቀብራቸው ባንድ እንዳይመጣ፣ ሻንቆ ፈቃዱ ከሆነ ግን ዜማውን እንደ እናቱ አድርጎ እንዲያዜምላቸው። ይመጣል ብለን አፋችንን ሞልተን መናገር አልቻልንም ነበር። ትናንት አመሻሽ ላይ ከካኮ በጭነት መኪና መጥቶ ከእኛ ጋር ልቅሶ ተቀምጦ አደረ።

እግዚአብሔር የተስፋሁንንም የዶላሞንም ነፍስ ጩኸት በሌለበት ያሳርፍልን። አሁን ሻንቆ ያዜማል። ዜማውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አደራችሁን፣ እንዳታጨበጭቡ።