ሃያ ሦስት ኪሎ ለጀርመን

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። እኛ ደህና ነን። ክረምቱ የጣለውን የቀርከሃ አጥር እኔና እማዬ መልሰን አቁመነዋል፤ አትቀየመኝና አንተ ካቆምከው ይልቅ ቀጥ ብሏል። አይሱዙህን የተረከበው ሹፌር ከኩርሙክ ሲመለስ በደጃችን ጡሩምባ ይነፋል። እማዬ አሁንም ምሳ ልታቀርብ ብድግ ትላለች፤ ከዚያ አለመኖርህ ትዝ ሲላት ሌላ ነገር ልትፈልግ የተነሳች ትመስላለች።

ትልቁ ወሬ ግን ይሄ ነው፦ ማክሰኞ ጀርመን እሄዳለሁ። የትምህርት ቢሮው ሰዎች ስሜን ሰርዘው የሌላ ሰው ስም የጻፉበትን የትምህርት ዕድል አስመለስኩት። አንተ ያረፍከው ስሜ እንደተሰረዘ፣ መመለሱን ሳታይ ስለሆነ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሰነድሽ አልተሟላም አሉኝ፤ መሟላቱን የሚያሳየው ወረቀት ላይ ያለው ማህተም የራሳቸው ነበር። አስራ አንድ ወር እዚያ ቢሮ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ዘበኛው ቦታዬ ላይ የተቀመጠ ሰው ሲያይ «የሷ ነው» ብሎ ያስነሳልኝ ጀመር። አንዱ ኃላፊ ደግሞ ይቺ ብትሄድም ማንጎ በማዳበሪያ አሸክማ ነው የምትሄደው ብሎ ሲስቅ በመስኮት ሰምቼዋለሁ። የዚያን ቀን ማልኩ። ከአሶሳ እስከ ጀርመን ባለው ጠረጴዛ ሁሉ «አንቺ፣ እስቲ ወደ ጎን ቁሚ» የሚለኝ ሰው ምክንያት አያገኝም። የተፈቀደው ሃያ ሦስት ኪሎ ነው፤ ሃያ ሦስት ኪሎ ይሆናል።

ስለዚህ ባንተ ዘዴ ጫንኩ። ትዝ ይልሃል? መኪናው ላይ አንዲት ጆንያ ከመውጣቷ በፊት ዕቃውን ሁሉ ሸራ ላይ ትዘረጋና እንደ ዳኛ ትዞረው ነበር። መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ይገባል፣ ከባዱ ከታች፣ የሚሰበረው ከመሃል፣ በመንገድ የሚፈለገው ከላይ። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ የመውረጃውን ተራ እጠራልህ ነበር። አንድ ቀን ተሳስቼ መንጌ የሚወርደውን የሰርግ አልጋ ኩርሙክ አደረስነው። ሙሽሮቹ ሰሌን ላይ አደሩ። አንተ ጥፋቱን ራስህ ላይ ወስደህ ሽማግሌ ይዘህ ይቅርታ ጠየቅክ፤ እኔን ግን አልተቆጣኸኝም።

እኔም ያችን ሸራህን ደጅ ላይ ዘርግቼ ዕቃዬን ደረደርኩ፤ ሁለት ሱሪ፣ አራት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ፣ ሁለት ሻሽ፣ አንድ ጫማ፣ ከባድ ከባድ የትምህርት መጻሕፍት። ቆንጆ ነበር፤ ብታየው ትኮራ ነበር። ከዚያ የዕቃውን ዝርዝር የምጽፍበት እስክሪብቶ ላመጣ ገባሁ። ጥፋቴ ይሄ ብቻ ነው። ተጓዥ ያለበት ቤት ደጅ ላይ ሸራ ተዘርግቶ ያየ የሰፈራችን ሰው ምን እንደሚያስብ አንተ ታውቃለህ። ስንቅ እየተሰበሰበ ነው ብለው ነዋ! ስወጣ ሸራው ላይ የደረቀ ባሚያ፣ የማሽላ ዱቄት፣ ሰሊጥ፣ ለሻይ የሚሆን ከርከዴ፣ በጄሪካን ማር፣ የቀርከሃ በርጩማ እና እግሯ የታሰረ ዶሮ ነበሩ። ዶሮዋ ሹራቤ ላይ ተቀምጣለች። ማንጎውማ በማዳበሪያ ነው የመጣው፤ ያ ኃላፊ በመንገድ እንዳያልፍ ብዬ ግራ ቀኙን አየሁ።

የሰጠ ሰው ፊት ዕቃ አይመለስም። ስለዚህ እያመሰገንኩ ተቀበልኩና ማታውኑ ከእማዬ ጋር ተጣላን። እማዬ ሁሉም ይገባል አለች። ከሁሉ በላይ ግን ከኩርሙክ ያመጣህላትን ነብር የተሳለበትን ብርድ ልብስ ካልያዝሽ ብላ ቆመች። አባዬ፣ እሱ ብርድ ልብስ ብቻውን ሻንጣውን ሞልቶ የነብሩ ጭንቅላት ውጭ ይቀራል። ጀርመን ብርድ ልብስ አለ ብላት፣ ነብር አለበት ወይ አለችኝ።

በማግስቱ ሻንጣውን የጎረቤታችን የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ሰቀልነው። ስለ ሚዛኑ የሚወራውን ስለማውቅ፣ እንደ ገዢ ነው የምትመዝንልኝ ወይስ እንደ ሻጭ ብዬ ጠየቅሁት። ተቀየመ። ሃያ ሰባት አለ። ከዚያ መቀየሙን ትቶ ለመንገድሽ ብሎ አንድ ኪሎ ለውዝ ጨመረበት።

ቤት ተመልሰን እንደገና ፈታነው። ማር ወጣ፣ ዱቄት ወጣ፣ ሰሊጥና ለውዝ ወጣ፣ በርጩማው ወጣ። ዶሮዋና ማንጎው ከመጀመሪያውም አልገቡም። ባሚያውና ከርከዴው ሻንጣው ውስጥ ቀሩ፤ ቀላል ናቸው፣ ደግሞ እኔም ሰው ነኝ። ሆኖም ሻንጣው አሁንም ይከብዳል። ያኔ እማዬ እጇን ወደ ታች ሰዳ ከሸሚዞቹ ስር ሁለት ወፍራም ፋይሎች ጎትታ አወጣች። የአስራ አንድ ወሩን ክርክር በሙሉ ይዣለሁ፤ ማመልከቻዎቼን፣ የሰጡኝን መልስ፣ ያልሰጡኝን መልስ የጠየቅኩበትን፣ እያንዳንዱን በሦስት ኮፒ። ከባዱ ከታች ነው ብዬ እዚያ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

እማዬ ማንበብ ባትችልም ፋይሎቹን ታውቃቸዋለች። በሁለት እጇ መዘነቻቸው።

«እዚያ አገር ያሉት ሰዎች ምን በደሉሽ?» አለችኝ።

ፋይሎቹን ነጥቄ ደረቴ ላይ ያዝኳቸው። ደግመው ቢሰርዙኝስ አልኳት፤ ድምፄ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ሆነ።

«ይሞክሯታ» አለች። «እኔ ነኝ ፋይሉን ይዤ ቢሮ የምሄደው። አግዳሚውም ይታወቃል፣ ዘበኛውም ይታወቃል።»

አባዬ፣ ላንድ አፍታ ለዚያ ቢሮ አዘንኩለት። ፋይሎቹን መልሼ ሰጠኋት። ስሜን የመለሰልኝን የመጨረሻ ውሳኔና ፓስፖርቴን ብቻ በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩ። በፋይሎቹ ቦታ ብርድ ልብሱ አይገባም፤ ነገር ግን እማዬ የነብሩን አንድ ጆሮ ቆርጣ ሰጠችኝ። አሁን የእማዬ ነብር አንድ ጆሮ ነው ያለው፤ ሻንጣው በነጋዴው ሚዛን ሃያ ሁለት ኪሎ ተኩል ሆነ፣ ከእማዬም ታረቅን።

ዛሬ የሻንጣውን የስም ካርድ ስሞላ አንድ ነገር ገባኝ። የተላከልኝ ደብዳቤ ሁሉ «ወይዘሪት ኢድሪስ» ነው የሚለው። እዚያ አገር ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው አሉ። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ አንተ ሽበታም ሹፌር፣ ወይዘሪት ሆንክ። ከዚያ ስምህን ካርዱ ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት። እዚህ ስምህን የሚጠራው ሰው እየቀነሰ ነው፤ እዚያ ግን በየክፍሉ፣ በየቢሮው፣ በቀን ስንት ጊዜ ይጠሩሃል። ስለዚህ አትጨነቅ፣ መልስ የሚሰጥልህ አለ። ኢድሪስ ባሉ ቁጥር ቆሜ አቤት እላለሁ።

ልጅህ