የወንድሜ የኮርቢን ቀዳዳ እንዳይቆጠርበት

ለቱራልንግ ከተማ የሕንፃ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቱራልንግ፣ ኩዊንስላንድ፣ አውስትራሊያ
ቀን፦ ኦገስት 12 ቀን 2019

ጉዳዩ፦ ሟች ወንድሜ ኮርቢን ሃርጋን ያለፈቃድ አስቤስቶስ አፍርሷል የተባለበት ውሳኔ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለወንድሜ የጻፋችሁት ደብዳቤ እሱ ከተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት ደርሶናል። «በአሥራ አራት ቀን ውስጥ በአካል ቀርበው ያስረዱ» ይላል። በሕይወቱም ቀጠሮ አክባሪ አልነበረም፤ አሁን ግን በቂ ምክንያት አለው።

2. ደንቡ ተራ ሰው ያለፈቃድ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳውን የአስቤስቶስ ክዳን እስከ አሥር ካሬ ሜትር እንዲያነሣ ይፈቅዳል። ኮርቢን በዕድሜው እስከ መጨረሻው ያነበበው ጽሑፍ ይህ ደንብ ብቻ ነው። የበረንዳውን ጣሪያ ክዳን ለክቶ ዘጠኝ ተኩል ካሬ ሜትር ላይ በጠመኔ አሰመረ። ቅዳሜ እንደ ወጉ ጎረቤት ለሥራ ተጠራ፤ ቋሊማ ጠባሹ እኔ ነበርኩ።

3. ክዳኑን እያረጠቡ፣ ጭምብል አድርገው፣ እስከ መስመሩ አነሡ። ጎረቤታችን አቶ ዴል ከታች «አንድ ካሬ ጨምርና እንገላገል!» አሉት። «ዞር በል አንተ ሽማግሌ፣ ወንጀለኛ ልታደርገኝ ነው?» አላቸው። ወደ እኔም ዞሮ «አንተ ቡችላ፣ ቋሊማዬን ብታሳርር ወርጄ አንተን ነው የምጠብስህ!» አለኝ። ከዚያ የረሳውን መዶሻ ለማንሣት ከመስመሩ ማዶ ረገጠ። ክዳኑ ተሰበረ። ወረደ፤ በመሰላሉ ግን አይደለም።

4. የረገጠው ፊርማችሁን አምኖ ነው። ተቆጣጣሪያችሁ አቶ ፐርሴል በማርች ወር «የበረንዳው ክዳን ጠንካራ ነው፣ ሰው ይሸከማል» ብለው ጽፈዋል። ያዩት ከአጥር ውጭ ቆመው ነው፤ ውሻችንን ፈርተው። ውሻችን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ጥርስ የላትም።

5. ደብዳቤያችሁ ወንድሜ ባነሣው ዘጠኝ ተኩል ካሬ ሜትር ላይ የወደቀበትን ቀዳዳ፣ አንድ ነጥብ ሁለት ካሬ ሜትር፣ ደምሮ ሕግ ጥሷል ይላል። ክቡርነትዎ፣ መውደቅ ከመቼ ወዲህ ነው የግንባታ ሥራ የሆነው? እናቴ ደብዳቤውን ካየች ጀምሮ «ጥፋቱ የራሱ ነበር እንዴ?» እያለች ትጠይቀኛለች። የእኔ መልስ አይበቃትም፤ ማኅተም የለኝም።

6. ስለዚህ ቀዳዳው ከድምሩ ወጥቶ ውሳኔው እንዲነሣ፣ ይህም ለእናቴ በጽሑፍ እንዲገለጽላት በትሕትና እጠይቃለሁ። የጠመኔው መስመር ጣሪያው ላይ አሁንም አለ። ዝናብ ሳያጥበው አቶ ፐርሴል መሰላል ላይ ወጥተው ይዩት። ውሻዋን አስራታለሁ። መሰላሉን እኔ እይዝላቸዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ የምጠብሰው ነገር የለኝም።

ከመልካም ሰላምታና ከቀረችኝ ትዕግሥት ጋር

(ፊርማ)
ኢዋን ሃርጋን
የሟች ታናሽ ወንድም