ከኮፈን ሥር ስለተቀቀለው ሳጥንዎ

ለክቡር የተሽከርካሪዎች ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነት፣ ከራስዎ በላይ ቀዝቃዛ አየር ለሚተነፍሰው ማሽንም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ያ ማሽን አንድ ቀን ቢበላሽ ምን ሊውጥዎ እንደሆነ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። እኔ በጡረታ የተሰናበትኩ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደ እርስዎ ላሉ ሰዎች ደብዳቤ ስተይብ ስለኖርኩ፣ የዚህ ዓይነቱ ደብዳቤ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ገብቶ እንደሚቀር አሳምሬ አውቃለሁ። ለጋዜጣ የሰጠሁትም ለዚሁ ነው፤ ጋዜጣ ሌላው ቢቀር ዕቃ ይጠቀለልበታልና ከሰው ዓይን ይገባል።

ባለቤቴ ጡብ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ነበር ያልኩት በእርስዎ ሳጥን ምክንያት ስለሆነ፣ ቅሬታዬን ከምስጋና ጋር አደባልቄ፣ እንደ ለመድኩት በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ የጭነት መኪና ሁሉ ፍጥነቱን የሚቆጣጠር፣ ለቢሮዎ ስክሪንም የሚያሳይ፣ ከልኩ ሲያልፍም ነዳጅ የሚቆርጥ ሳጥን ይገጠምለት ብለው ማዘዝዎ መልካም ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጓደኞቹ ኤሊው እያሉ የሚቀልዱበት ዝግተኛ ነጂ ስለነበር ሳጥኑን አልጠላውም። የጠላው ቦታውን ነው። መመሪያዎ፣ ተቆጣጣሪው ኮፈኑን ከፍ እንዳደረገ፣ ሳያጎነብስና ልብሱን ሳያቆሽሽ፣ ሳጥኑንም እንዳይነካካ የታሰረበትን ማኅተምም ባንድ ጊዜ ማየት አለበት ይላል። በዚያች አሮጌ መኪና ኮፈን ሥር እንዲህ ቆመው የሚያዩት ባዶ ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጭስ ከሞተሩ የሚወጣበት፣ አቀበት ላይ እሳት የሚሆነው ብረት አጠገብ ነው። ገጣሚዎችዎ ሳጥኑን እዚያው አስረው አተሙት። ባለቤቴ፣ ጋቢና ውስጥ ከወንበሩ ሥር ይሁንልኝ፣ እዚህ እኮ ድንች ይበስላል ብሎ ቢለምናቸው፣ እንግዲያው ድንችህን ይዘህ ና ብለው ተሳሳቁበት። ለተቆጣጣሪዎችዎ ወገብና ሸሚዝ ስላደረጉት ጥንቃቄ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እስካሁን አንዳቸውንም ወገባቸውን እንዳላመማቸው ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛ፦ ሳጥኑ እንደሚያውቁት ፕላስቲክ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ያለውም ሙቀት የማይችል ስስ ነገር ነው። ፀሐይ በበረታበት ቀን ጭነት ይዞ አቀበት ሲጀምር ያብዳል። መኪናዋ እየተጎተተች ሳለ የበረረች መስሎት ነዳጇን ይቆርጣል። ሞተር ሲጠፋ ደግሞ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ድንጋይ ይሆናል። ባለቤቴ ይህን ለማስረዳት ቢሮዎ እየተመላለሰ ጫማውን ጨረሰ። በመስኮቱ በኩል ያሉት ሠራተኛዎ እጅግ ትሑት ሰው ናቸው፤ ሲሞቅ ቆም ብለህ አናፍሰው አሉት። እስኪ ይታይዎት፤ አቀበት መሃል፣ ጡብ እንደጫነ፣ ከኋላው መኪና ተሰልፎ ጥሩንባ እያስጮኸበት፣ አንድ ሽማግሌ ኮፈን ከፍቶ ሳጥን በባርኔጣው ሲያራግብ!

ያም ሆኖ ሰውዬው ዝም ብሎ የሚቀመጥ አልነበረም። ከባዶ የዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ቆርጦ በሳጥኑና በጋለው ብረት መሃል አቆመው፤ አየር እንዲያልፍም በሁለቱም በኩል ክፍተት ተወለት። ማኅተሙን ንክች አላደረገም፤ ሰላምታ ሊሰጠው ምንም እስከማይቀረው ድረስ ይፈራው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ጠባይ ገዛ። እኔም አመሻሽ ላይ መኪናዋ ከቅያሱ ስትታጠፍ ስሰማ ደረቴ ቀለል ይለኝ ጀመር።

ሦስተኛ፦ ተቆጣጣሪዎ መንገድ ላይ አስቆሙት። ኮፈኑን ከፍ ቢያደርጉ ቆርቆሮው ጋርዶባቸው ማኅተሙ አልታይ አላቸው። አንገታቸውን እንዲህ ትንሽ ሰበር ቢያደርጉ ኖሮ ይታያቸው ነበር፤ ግን መመሪያው ሰበር በል አይልማ! ስለዚህ ቆርቆሮውን ማኅተም የሚሸፍን ባዕድ አካል ብለው ነቅለው ጥሻ ውስጥ ወረወሩት። ባለቤቴ፣ ጌታዬ እሱ ከሌለ አቀበት ላይ ይገለኛል ሲላቸው፣ አንተ ሹፌር እንጂ መሐንዲስ አይደለህም ብለው መለሱለት፤ መልሶ ቢያቆመውም መንጃ ፈቃዱን እንደሚነጥቁት ነገሩት። ያን ቀን ቤት ገብቶ እህል ሳይቀምስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ቆርቆሮውንም አልመለሰም፤ መንጃ ፈቃድ ከሌለ ቤቱ እንደሚዘጋ ያውቃል። ሕግ ማክበርን እስከ መቃብር ላስተማሩልኝ ተቆጣጣሪዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

አራተኛ፦ ሞተ።

ከሰፈራችን ጤና ጣቢያ በላይ ያለውን አቀበት በጠራራ ፀሐይ ሲወጣ ሳጥኑ ነዳጁን ቆረጠ፤ መኪናዋም ከነጡቧ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከታች፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ሕፃናት ሊያስከትቡ የተሰለፉ እናቶች ነበሩ። ያዩት ሰዎች እንደነገሩኝ፣ በሁለት እጁ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዞር በሉ እያለ እየጮኸ፣ መኪናዋን ጎትቶ መንገድ ዳር ያለው የውሃ ቦይ ውስጥ ከተታት። በጎኗ ተገለበጠች። ከእናቶቹ አንዲትም አልተጫረችም፤ እሱን ግን ጋቢናውን ቆርጠው ነው ያወጡት። እኔ ከመድረሴ በፊት ፊቱን ሸፍነውት ነበር፣ ክቡር ሆይ፤ በእጁ ነው ያወቅኩት።

የባለሙያዎችዎ ሪፖርት፣ ሳጥኑ በሙቀት ከመቅለጡ በስተቀር በተገቢው ቦታ በተገቢው ሁኔታ የተገጠመ መሆኑን፣ አደጋውም የደረሰው በአሽከርካሪው የጥንቃቄ ጉድለት መሆኑን ያረጋግጣል። ወይ አለመሞት! ዘመኔን ሁሉ ብዙ ነገር ተይቤያለሁ፤ ከመቅለጡ በስተቀር የሚል ግን ጽፌ አላውቅም። ያረቀቀውን ሰው ብዕር ማድነቄ አልቀረም፤ እባክዎ እድገት ይስጡልኝ።

አምስተኛው፣ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝም፦ መኪናዋ ተጠግናለች። ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ሰኞ ጠዋት ይነዳታል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሌላ ሥራም የለው። ገጣሚዎችዎ አዲስ ሳጥን ይዘው መጡና ገጠሙለት። የት እንደሆነ ይገምቱ? እዚያው! ያንኑ ብረት አስደግፈው! የወንድሙ ደም ገና ሳይደርቅ፣ ተዉ ጋቢና ውስጥ አድርጉት፣ ካልሆነም ቆርቆሮ ይከለልለት ብለን እግራቸው ሥር ብንወድቅ፣ መመሪያው እስኪሻሻል ታገሡ አሉን። ልጁ እኔ ፊት ደፋር ይመስላል፤ ሚስቱ ግን ሌሊት ሲባንን እንደሚያድር ነግራኛለች።

እኔ ካሣ አልጠየቅኩም፣ ይቅርታም አልጠየቅኩም፤ ይቅርታ ከእርስዎ ቢሮ ቢወጣ ራሱ ማኅተም ይጎድለዋል። የምለምንዎ ሳጥኑ ወደ ጋቢና እንዲዛወር አንዲት መስመር እንዲጽፉልኝ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪዎችዎ ወንበር ማንሳት የሚከብዳቸው ከሆነ እኔ እየመጣሁ አነሳላቸዋለሁ። አንድ ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛ አልቀብርም።

ከዚህ በላይ ውድ ጊዜዎን መሻማት ነውር ስለሚሆንብኝ፣ ፈጣሪ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ከአቀበትም ከቁልቁለትም ይሰውርዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣ እጅ በመንሣትና ግንባሬን መሬት በማስነካት እሰናበታለሁ።

የሳጥንዎ መበለት
(የመጀመሪያዋ ልሁን አልሁን እርስዎ ያውቃሉ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጋዜጣው ተራዬ እስኪደርስ ሲያቆየው ሰኞ ቀደመኝ፤ ከእርስዎም የመጣ ነገር የለም። ስለዚህ ዋርሳዬ ከመነሣቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቼ ማኅተምዎን በጥሼዋለሁ። ሳጥኑ አሁን ከሹፌሩ ወንበር ሥር ነው፤ ሽቦውን ማን እንዳረዘመልኝ ቢገርፉኝም አልናገርም። ልጁ አቀበቱን ወጥቶ ወርዶ ደግሞ ወጥቷል፤ ቢሮዎ ባለው ስክሪን ላይ ቢያዩ በልኩ፣ በሥርዓቱ ሲሄድ ያገኙታል፤ ያ ሳጥን እንዲህ ሠርቶልዎት አያውቅም። ማኅተም መበጠስ እንደሚያሳስር አንብቤያለሁ። የበጠስኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አያውቅም። ስለዚህ ሰዎችዎን ሲልኩ እሱን መንገድ ላይ እንዳያስቆሙት፣ ጭነት ይዟል። እኔን ከፈለጉ ልብሴን ቋጥሬ ደጃፌ ላይ ተቀምጫለሁ።