«መጣ» የሚል ሰው እንዲመደብልኝ ስለ መጠየቅ

ለጣና ዙሪያ የቴሌቪዥን ማሠራጫ አገልግሎት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወንበርዎ፣ ጠረጴዛዎ፣ ከበርዎ ላይ ተለጥፎ ሳይጠወልግ የከረመው «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚለው ወረቀት፣ ሁሉም ደኅና ናቸውን? እኔ በሹም አቦ ክፍለ ከተማ የምኖረው፣ ሰፈሩ የኔታ እያለ የሚጠራኝ ጡረተኛው የዜማ መምህር መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ፣ ከናፍቆትና ከቴሌቪዥን ምስል በቀር ደኅና ነኝ። ናፍቆቱን ያመጣው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ባለመሆኑ በእርሱ አልከስዎትም። ምስሉን የወሰደብኝ ግን መሥሪያ ቤትዎ ነው፤ አስቀድሜ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎችም እስካሁን ከስብሰባ ስላልተመለሱ ይህን ሦስተኛውን በጋዜጣ ለማውጣት ተገድጃለሁ። ቢያንስ አንድ ሰው ያነበዋል የሚል ተስፋ አለኝ።

ከመክሰሴ በፊት ማመስገን ይገባኛል። የእኔ ቴሌቪዥን የሚሠራው በዲሽ አይደለም፤ በጣራዬ ላይ፣ በረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ጫፍ፣ ሥጋው ተበልቶ ያለቀ የቆሮሶ ዓሣ አጥንት የምትመስል አንቴና ታስራለች። መሥሪያ ቤትዎ ምስሉን በአየር ይበትናል፣ አንቴናዬ ትለቅማለች፣ ማንም ማንንም ክፈል አይልም። ዝናብ ለጻድቁም ለኃጥኡም እንደሚዘንብ ሁሉ የእርስዎም ሥርጭት ለባለ ፎቁም ለእኔም በነጻ ሲዘንብ ኖሯል። ስለዚህ ውለታ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ፤ የማስታወቂያዎን ጥበብ አደንቃለሁ። ባለፈው መስከረም ማሠራጫው ከነበረበት ኮረብታ ወደ ሌላ ኮረብታ ሲዛወር፣ አንቴና ያለን ሁሉ አንቴናችንን ወደ አዲሱ አቅጣጫ እንድናዞር መሥሪያ ቤትዎ ሳይታክት አስታውቋል። ያስታወቀውም በቴሌቪዥን ነው፤ ያውም ከተዛወረ በኋላ። ማስታወቂያውን ማየት የቻለ ሰው አንቴናውን ማዞር አያስፈልገውም፤ ማዞር የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ማስታወቂያውን ማየት አይችልም። ቅኔ በቆጠርሁበት ዘመን እንዲህ ያለ ሰምና ወርቅ አልገጠመኝም። «ኖ ሲግናል» ከሚል የፈረንጅ ጽሑፍ ጋር ተፋጥጬ ከከረምሁ በኋላ ወደ ቢሮዎ ብመጣ፣ በመስኮቱ የነበረችው ትሑት ሠራተኛዎ «አባቴ፣ በቴሌቪዥን እኮ ነግረናል፤ አላዩትም እንዴ?» አለችኝ። አላየሁትም ልጄ፣ አልኋት። ከልቧ አዘነችልኝ፤ ይህ በመልካም ይመዝገብላት።

ሁለተኛ፤ ሠራተኛዋ በፖስታ አድርጋ ስለ ሰጠችኝ የመመሪያ ወረቀት። ወረቀቱ ያማረ ነው፤ ባለ ቀለም ነው፤ ጣራ ላይ ቆሞ የሚስቅ ሰው ሥዕልም አለበት። በሦስተኛው ተራ ላይ እንዲህ ይላል፤ «አንድ ሰው አንቴናውን ቀስ እያለ ሲያዞር፣ ሌላ ሰው ከቴሌቪዥኑ ፊት ሆኖ ምስሉ መምጣቱን ይንገረው።» ክቡር ሆይ፣ ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት፤ ፖስታውንም አራገፍሁት። ሌላው ሰው አብሮ አልተላከልኝም። በአባሪነት ተልኮ መንገድ ላይ ወድቆ እንደ ሆነ እንዲጣራልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

መመሪያው እውነቱን ነው፤ ይህ ሥራ በአንድ ሰው አይሆንም። እኛ ማኅሌት ስንቆም በቀኝና በግራ ተከፍለን ነው፤ አንዱ ወገን ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ የሚቀበል ከሌለ የመሪው ድምፅ ምንም ቢያምር ጩኸት ነው። በእኔ ቤት ጣራ ላይ ሆኜ የምመራው እኔ ነበርሁ፤ ከታች የምትቀበለው ባለቤቴ እናትዓለም ነበረች። ክረምት በመጣ ቁጥር የጣና ነፋስ አንቴናዋን ያዞራታል፤ እኔ መሰላሉን አስደግፌ እወጣና «መጣ?» እላለሁ። «አልመጣም!» ትላለች። «አሁንስ?» «ድምፁ መጣ፣ ሰውየው አልመጣም!» «አሁን?» «መጣ መጣ መጣ! ኧረ ሄደ፣ ይመልሱት!» ሰፈሩ በሙሉ ይሰማናል፤ ከአጥር ማዶ «የኔታ፣ ዛሬስ ማን ሊመጣ ነው?» እያሉ ይቀልዱብናል። ልጅ እግዜር አልሰጠንም፤ ተማሪዎቼም አንድ በአንድ ደብር አግኝተው ተበትነዋል። በዚያ ጣራና በዚያ ሳሎን መካከል ግን ጨዋታ ጠፍቶብን አያውቅም።

አንድ ዐመል ግን ነበረባት። አንዳንድ ቀን «መጣ! ይውረዱ!» ብላኝ ስወርድ፣ ስክሪኑ ጤፍ የተበተነበት መስሎ ይንሿሿል። «አሁን ነበር እኮ የሄደው» ትለኛለች፣ ዐይኗን ወደ ሌላ እያደረገች። ለዓመታት በነፋሱ አሳበብሁ። የገባኝ ኋላ ነው፤ ቆርቆሮው ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ወድቄ እንዳልሰበር ፈርታ፣ ሳይመጣ መጣ ትለኝ ነበር። እናትዓለም ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ለመሥሪያ ቤትዎ መረጃ ያህል ነው የምነግርዎ።

ሦስተኛ፤ ሌላው ሰው እስኪላክልኝ ድረስ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥሁም። አንቴናዋን ትንሽ አዞርና እወርዳለሁ፤ አያለሁ፤ ደግሞ እወጣለሁ። ጉልበቴ ይህን ሥራ በጣም እንደ ጠላው ይወቁልኝ። ከጣራ ላይ ሆኜ ስክሪኑን ልይ ብዬ ከመስኮቱ ፊት መስተዋት አቆምሁ፤ ያየሁት ቆርቆሮ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ሽማግሌ ነው። በመጨረሻ ምስሉ ቢመጣ በጆሮዬ እሰማዋለሁ ብዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እስከ ጥግ ከፍቼ ወጣሁ። እውነትም መጣ! ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ስለ ልብስ ሳሙና እየተሳሳቁ ሰፈሩን አናጉት። ደስ ብሎኝ ስወርድ አጣናውን ገፋሁት መሰለኝ፣ ሳሎን ስገባ ጠፍተዋል።

ያኔ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ሐጂ መስዑድ ናቸው፤ ከሐይቅ የወጡ ሁለት ቆሮሶዎች አንጠልጥለዋል። «የሰው ድምፅ ሰምቼ፣ እንግዳ መጣላቸው ብዬ ደስ አለኝ፤ ለእንግዶችዎ ይሁን ብዬ ነው» አሉኝ፣ በትከሻዬ በኩል ወደ ውስጥ እያዩ። እንግዶቹ አሁን ነበር የሄዱት፣ አልኋቸው። ሐጂን ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው «መጣ» እንዲሉልኝ መለመን እችል ነበር። ነገር ግን እንግዳ አለው ተብሎ ዓሣ የመጣለት ሰው፣ ያንኑ ቀን ማንም የለኝም ማለት ከበደው። ዓሣውን ለብቻዬ ሁለት ቀን በላሁት።

አራተኛ፤ ስለ ነጻ የስልክ መስመርዎ። ደወልሁ፤ ረጅም ሙዚቃ አሰማኝ፤ ኋላም አንድ ጨዋ ወጣት አነሣልኝ። ነገሩን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላ «አባት፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም?» አለኝ። የለም፣ አልሁት። «እሺ፣ እንግዲያው ሰው ሲመጣ ይደውሉልን» ብሎ ዘጋው። ምክሩን ተቀብያለሁ። ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ሰው እስኪመጣ ጠበቅሁ። ይህ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ በመመሪያው ላይ ቢሰፍር ለሌሎችም ይጠቅማል።

«ዲሽ ይግዙ» የሚሉኝ አሉ። ዲሽ አንዴ ከተተከለ ወዲያ ማንንም መጥራት አያስፈልገውም። ደግሞም የምፈልገው መቶ ጣቢያ አይደለም፤ የምፈልገው የማታውን ዜና የሚያነበውን የእናንተን ሰው ነው። ብቅ ይልና «የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ» ይላል። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንደምን አመሸህ ልጄ፣ እለዋለሁ። ከሰው ሳልነጋገር ውዬ የራሴን ድምፅ የምሰማው ያን ጊዜ ነው። ደግሞ «አመሻችሁ» ይላል እንጂ «አመሸህ» አይልም፤ እናትዓለም ካረፈች ወዲህ ይህን ቤት በብዙ ቁጥር የሚጠራው እርሱ ብቻ ነው። የድሮው ሥርጭት ሲከፋበት ሰው ይደበዝዝ ነበር እንጂ ጨርሶ አይጠፋም ነበር፤ ይህ ዲኮደር የሚሉት ሳጥን ከመጣ ወዲህ ግን ሰው ወይ ሙሉ ነው ወይ የለም። ከመስከረም ወዲህ እንደምን አመሻችሁ ያለን የለም። ብቸኝነቱ ከብዶኛል። ይህን ከቅሬታ ስለማልቆጥረው ቁጥር አልሰጠሁትም።

አምስተኛና መጨረሻ፤ ስለ ላኩልኝ ባለሙያ። ባለፈው ማክሰኞ፣ በመስኮቷ ሠራተኛ ሐዘኔታ ይመስለኛል፣ አቶ አንዋር የሚባል የተመሰገነ ቴክኒሻን ወደ ቤቴ መጣ። ጫማውን ከደጃፍ አወለቀ፤ «የኔታ፣ እርስዎ ከቴሌቪዥኑ ፊት ይቁሙልኝ» ብሎ መሰላሉን ወጣ። ስለዚህ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታች ሆኜ የምቀበለው እኔ ሆንሁ። ወደ ሐይቁ አዞራት፤ ወደ ከተማው አዞራት፤ ወደ ጢስ ዓባይ መንገድ አዞራት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ደከመ። በየመካከሉ እየወረደ ውኃ ጠጣ፤ አባቱ ሐይቁ ዳር ጀልባ እንደሚሠሩ አጫወተኝ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አይቶ «እማማ ናቸው?» አለኝ፤ ስለ እርሷ ብዙ ነገርሁት፤ ሳይቸኩል ሰማኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ምልክቱ እዚህ አይደርስም መሰለኝ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ቢሮዎም ወዲያው «ቤቱ ከሥርጭት ሽፋን ውጭ ነው» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ላከልኝ። ከሽፋን ውጭ መሆኔን እኔም ከጠረጠርሁ ቆይቻለሁ፤ በማኅተም ሲረጋገጥልኝ ግን የክብር ስሜት ተሰምቶኛል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን ከዚህ በላይ አልሻማም። ማሠራጫዎ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ከፍ ከፍ ይበል፤ ስብሰባዎም ፍጻሜ አይኑረው። ከ«ኖ ሲግናል» ማዶ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የማያዩትና የማያይዎት ተመልካችዎ፣
መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ
ሹም አቦ፣ ባሕር ዳር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን ከፈረምሁ በኋላ፣ አቶ አንዋር «የተላከበትን ሥራ ባለመፈጸሙ» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደ ተሰጠው ሰማሁ። እባክዎ ይሰረዝለት። ምስሉ መጥቶ ነበር። ገና አንዴ ሲያዞራት፣ ጥርት ብሎ መጥቶ ነበር። ነገር ግን አንዋር ከጣራው ላይ «የኔታ፣ መጣ?» አለኝ፤ በዚህ ቤት ይህ ቃል ከተሰማ ሦስት ዓመት አልፎታል። «አልመጣም!» አልሁት። «አሁንስ?» አለኝ። «አልመጣም!» እናትዓለም እንድወርድላት ብላ ሳይመጣ መጣ ትል ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዳይሄድብኝ ብዬ መጥቶ ሳለ አልመጣም አልሁ። በሐሰት ምስክርነት የሚከሱኝ ከሆነ፣ መጥሪያውን በስልክም በቴሌቪዥንም ሳይሆን በሰው እጅ ይላኩልኝ። ሁልጊዜም ቤት ነኝ፤ መሰላሉንም ከጣራው ላይ አላነሣሁትም።