ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተዋጠው ክኒን

አባቴ፣

ከተለዩን ይኸው ሁለተኛው ሁዳዴ ገባ። አፈሩ ይቅለልዎ። ደኅና ነን ብዬ ልጀምር አሰብኩና አልቻልኩም፤ እርስዎን ዋሽቼ አላውቅም። ደኅና አይደለንም።

የአቋቋም ተማሪዎችዎ ገሚሶቹ ቤተ ልሔም ደብር ወዳሉት መምህር ሄዱ፣ ገሚሶቹም እርሻ ገቡ። ጎጇቸው ፈርሳ እናቴ ቦታውን ባቄላ ዘራችበት። አልጋዎን አላነሣንም። እኔ አሁንም አርብ ገበያ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ በማለዳ ወጥቼ ማታ ነው የምመለሰው። እናቴን አቁሞ የያዛት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ መጨረሻው ጾምዎን አለመፍታትዎ። ለመጣ ለሄደው ሁሉ ይህንኑ ታወራለች፣ ፊቷም ይፈካል። እኔን ግን ይኸው ወሬ ሊገድለኝ ነው፤ ለምን እንደሆነም ከእርስዎ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም።

በሽታው ሲጀምርዎ ትዝ ይልዎታል? ማኅሌት ላይ ሁሉም ጸጥ ሲል የእርስዎ ጸናጽል ብቻ ይንሿሿ ነበር። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ አንገታቸውን ደፉ። እርስዎ ደግሞ ጸናጽሉ ከእኔ ቀድሞ መዘመር አማረው ብለው ቀለዱባቸው። ያለቀሱት እቤት ሲገቡ ነው።

ሩቅ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ወሰድኩዎት። ፓርኪንሰን ነው አሉን፤ የአንጎል በሽታ ነው፣ አይድንም፣ ክኒኑ ግን ያግዛል። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አንዳንድ። ከገና ማግስት ጀመሩ። ለጥምቀት ታቦቱን አጅበው ሲወርዱ እጅዎ ዐርፎ ነበር። መቋሚያዎን ከትከሻዎ ላይ ሲያነሡ አይቼ ከሕዝቡ መሐል እልል አልኩ፤ ካደግሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ጠዋት ጠዋት እንደ ግንድ ደርቀው መገላበጥ እንኳ አቃትዎ። ማታ ስመጣ ደግሞ ገላዎ ያለ ዕረፍት ይወራጭ ነበር፤ መቀመጥ አልቻሉም። በሽታው ባሰ አልን። በቀጠሯችን ሄድን። ደም ግፊትዎን ለኩ፣ ኪሎዎን ለኩ፣ የተረፈ ክኒን እንዳለ ጠየቁ። አንድም አልተረፈም። ነርሷ እንደ እርስዎ ያለ ታካሚ ያብዛልን ብላ መረቀችን፤ እኔም ኮራሁ። ቀጠሮ አልታለፈ፣ ክኒን አልቀረ፤ ያን ዕለት ሕክምናችን ሚዛን ላይ ቢወጣ ሙሉ ነበር የሚባለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እርስዎ መቼ ደበቁ? የጠየቁዎትን ሁሉ መልሰዋል።

ከደብረ ዘይት በኋላ ኪዳን ሊያደርሱ በማለዳ ወጡ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ እግርዎ ተተክሎ ቀረ። ወደቁ፣ ዳሌዎ ተሰበረ። ሆሳዕናን አላዩም።

ባለፈው ጥር አንዲት ሐኪም ቤታችን መጣች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እንዲህ ላሉ በሽተኞች የሚሰጠው ሕክምና ጥሩ መሆን አለመሆኑን ቤተሰብ እየጠየቁ ከሚመዝኑት አንዷ ናት አሉ። ጨዋ ልጅ ናት፤ ልጠላት ፈልጌ አልሆነልኝም። ወድቀው ያውቁ እንደሆን ሐኪም ጠይቋቸው ነበር? አለችን። አልጠየቀም። እንቅልፋቸውንስ? ሐዘናቸውንስ? አልጠየቀም፣ አልጠየቀም። ቀጠለችና ክኒኑን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱ የጠየቀ ሰው ነበር ወይ አለች። እናቴ ቀና ብላ፣ «መሪጌታ በጾም ውሃ አይቀምሱም። ሦስቱንም ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአንድ ጉንጭ ይውጧቸው ነበር» አለቻት። በኩራት ነው ያለችው።

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። መንገድ ድረስ ሸኘኋትና እስክትነግረኝ አልለቅም አልኳት። የክኒኑ ጉልበት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ ጠዋት እግር የሚያስነሣው የጠዋቱ ክኒን ነው፤ ሦስቱ ባንዴ ሲገቡ ደግሞ ገላን ያወራጫሉ። ያን ጊዜ ይህንን አንድ ነገር ጠይቀዋቸው ቢሆን ኖሮ አለችና ሳትጨርሰው ተወችው።

የነፍስ አባትዎ ዘንድ ልቆጣ ሄድኩ። ሽማግሌው ሰምተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ልጄ፣ ማን ነገረኝ? ብሰማ ኖሮ በግዝት አስውጣቸው ነበር» አሉ። በሽተኛን ከጾም መፍታት ለእሳቸው የአንድ ቃል ሥራ ነበር። ሐኪሙ ስለ ጾም አልጠየቀ፣ እሳቸው ስለ ክኒን አልሰሙ፤ እርስዎ ለሁለቱም ታዘዙ። ታዝዘው ሞቱ፣ አባቴ።

ለእናቴ አልነገርኳት። ብነግራት የቀረቻትን አንድ ምርኩዝ መንጠቅ ነው። ትናንትም ለጎረቤት ስታወራ ከጎኗ ተቀምጬ አዎ፣ አልፈቱም አልኩ፤ ነገም እላለሁ። ሰዎች ጾማቸውን ይቀበልላቸው ይሉኛል። ይቀበልልዎ። እኔ ግን አልተቀበልኩትም፣ የምቀበለውም አይመስለኝም።

ተዝካር በዓመት አንዴ ነው። እኔ እርስዎን የማስታውሰው በየማለዳው ይሆናል፤ ጀንበር ስትወጣ፣ የመጀመሪያው ክኒን ሊዋጥ ይገባው በነበረበት ሰዓት። እናቴ ሳትነቃ አልቅሼ እጨርሳለሁ።

ልጅዎ